የአፍደም ባቡር ጣቢያን ታሪክ የሚያውቅ አለ?

የናዝሬት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ስላለ አንድ የተዘጋ ጣቢያ ላስቸግራችሁ ነው። የእናቴ አባት ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት፣ ሃዲድ ጥገና ላይ። አዋሽም ሠርተዋል፣ ኤረርም ሠርተዋል፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን አፍደም ነው። እናቴም እዚያ ነው የተወለደችው። እኔ አፍደምን የማውቃት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው። አያቴ ካኪ ቁምጣ ለብሰው የጣቢያውን ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ከራሳቸው በላይ የጣቢያው ስም በፊደልም በላቲንም ተጽፏል፣ እግራቸው ስር አንዲት ፍየል ምንም እንዳልመጣባት ተጋድማለች። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ፣ ግን ደብዝዟል።

በቅርቡ በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አፍደምን አያለሁ ብዬ መስኮት ስር ተቀመጥኩ። ባቡሩ በዚያ ሁሉ አገር ሳያቆም ሸመጠጠ። አንድ ሁለት ቦታ ከሩቅ የአሮጌ ድንጋይ ቤት ግድግዳ አየሁ፣ አፍደም ትሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም።

ቤት ውስጥ የሚወራው ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም። አጎቴ ጣቢያው ድሬዳዋ በተቆረቆረች ዓመት ነው የተሠራው ይላል፣ ሌላው ዘመድ የጣልያን ሥራ ነው ይላል። እና የምጠይቃችሁ፣ መቼ ነው የተሠራው? ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እዚያ ቦታ ላይ መቆም ለምን አስፈለገ? መቼስ ነው የተዘጋው? ስለ ለገሃርና ስለ ድሬዳዋ ብዙ ተጽፏል። ስለ ትንንሾቹ ጣቢያዎች ግን አንድ መስመር የጻፈ ሰው አላገኘሁም።


የከዚራ ልጅ፦

አቦ አንተ ሰው፣ አፍደምን አስታወስከኝ! ድሬ ተወልዶ የእነዚህን ጣቢያዎች ስም የማያውቅ አለ እንዴ? ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ። ልጅ ሆነን እንደ ዳዊት በቃላችን ነበር የምንወጣው።

ታሪኩን የሚያውቁት ይጻፉልህ፣ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። እናቴ የባቡር ነጋዴ ነበረች። በ80ዎቹ ነው የማወራህ። ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ ድሬ ላይ ትገዛለች፣ ወደ አዋሽና ናዝሬት ይዛ ትወጣለች። መንገድ ላይ ፊናንስ አለ፣ የጉምሩክ ፈታሽ ማለት ነው። ፊናንስ ሻንጣ ይፈትሻል፣ ማዳበሪያ ያስፈታል፣ ወንበር ስር ጎንበስ ብሎ ያያል። የሴት ገላ ግን አይነካም። ስለዚህ ሴቶቹ ጨርቁን ይለብሱታል። ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ ሽቲ በሽቲ ላይ፣ ከላይ ደግሞ ነጠላ። ድሬ ላይ ስትሳፈር ቀጭን የነበረች ሴትዮ ኤረር ሳትደርስ በበሩ አታልፍም። አንዴ አፍደም ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ አንዱ ፊናንስ የእናቴ ጓደኛ ፊት ቆሞ «እትዬ፣ በረደዎት እንዴ?» አላት። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። «ወባ ነው የያዘኝ ልጄ» አለችው። ሰውየው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጥሎን ሄደ።

ባቡሩ ገና ፍጥነት መቀነስ ሲጀምር የመንደሩ ሰው በሁለቱም በኩል ይሮጣል። የግመል ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ፣ ውሃ በጄሪካን። ከሰል በማዳበሪያ ይጫናል። ፍየልም ትጫናለች፣ ከሰው ጋር ተጋፍታ። ከኤረርና ከጎታ በኩል ስትመጣ ደግሞ ፉርጎው ብርቱካንና መንደሪን ይሸታል። ትንሽ ግርግር ነው፣ ከዚያ ፊሽካ፣ ከዚያ ጭጭ። የዚያ መንደር ገበያ ማለት ባቡሩ ነበር። ሱቁም ሻይ ቤቱም የሚከፈተው የባቡሩን ድምፅ ሰምቶ ነው።

መቼ ተዘጋ ላልከው፣ ቁልፍ ይዞ መጥቶ የዘጋው ሰው የለም ወንድሜ። መጀመሪያ መዘግየት መጣ። ከዚያ መቅረት። ከዚያ «ሰሞኑን ከሃዲድ ወጥቷል» ይባላል፣ ሰው ጓዙን ይዞ ጣቢያው ላይ ያድራል። ነጋዴ ደግሞ ሲሰለቸው ወደ መኪና ዞረ። እናቴም መጨረሻ ላይ አይሱዙ ላይ ነበረች።


ሃዲድ ቆጣሪ፦

ዘመኑን እኔ ልሞክር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፣ በ1895 አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ነበር። ግን ያን ተራራ ባቡር ማስወጣት የሚቀመስ አልሆነም፣ ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ነበር ያሏት። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣልያን «መስመሩ በማን እጅ ይሁን» እያሉ ሲጎነታተሉ ዓመታት ነጎዱ፣ ሃዲዱም ድሬዳዋ ላይ ተገትሮ ቀረ። በ1900 ነው አዲስ ፈቃድ ወጥቶ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የተቋቋመውና ሥራው እንደገና የተነሳው።

እንግዲህ አጎትህ የሚሉት እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። ድሬዳዋ ከተማ ስትሆን አፍደም ላይ ሃዲድ አልነበረም። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ያለው ክፍል የተዘረጋው ከ1900 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው፣ የአፍደምም ጣቢያ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909። ምኒልክ ባቡራቸው ዋና ከተማቸው ሲገባ አላዩም፣ በ1906 ነው ያረፉት። ጠቅላላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ።

ለምን እዚያ? ካርታ አውጥተህ እየው። መስመሩ ደጋውን ሸሽቶ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ቆላ ቆላውን ነው የሚሄደው። ቡናው ላይ፣ ባቡሩ ታች። እና ከጨርጨር ደጋ የሚወርደው ቡና በበቅሎና በግመል ተጭኖ እነዚህ ጣቢያዎች ላይ ነበር ከባቡር ጋር የሚገናኘው። ሚኤሶ በዚህ አደገች። አፍደምም የድርሻዋን አገኘች። ከቆላው በኩል ደግሞ የአርብቶ አደሩ ከብትና ቅቤ ይመጣል። ስለዚህ «በረሃ መሃል» የሚባለው ለእኛ ነው እንጂ ለደጋውም ለቆላውም ገበሬና አርብቶ አደር መሃል ቦታ ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ ይነሳል፣ ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግሥቱ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። አዋሽ ላይ ያ የታወቀው የጣቢያ ሆቴል የተሠራው ለዚህ ነው፣ አዳሪ ስላለ። አፍደም ግን ማንም አያድርባትም። የሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ወርደህ እግርህን የምታፍታታባት ቦታ ናት። ሆቴሉም ፎቶውም ጽሑፉም አዋሽ ላይ የቀረው በዚህ ይመስለኛል።


ነገሩ አጭር ነው፦

ይሄን ሁሉ ምን ያስረዝመዋል። ጣልያን ሠራው፣ ደርግ ገደለው። አለቀ።


ሃዲድ ቆጣሪ፦

አላለቀም። ጣልያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ ባቡሩ ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ለስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ነው፣ አፍደምንም አቋርጠው። የለገሃር ትልቁ ሕንፃ እንኳ የተመረቀው በ1922 ነው። ጣልያን ያመጣው ሊቶሪናን ነው፣ ያለ ሎኮሞቲቭ በራሱ ሞተር የሚሄደውን የተሳፋሪ ፉርጎ፣ እሱን አልክደውም፣ ሰው እስከ መጨረሻው ይወደው ነበር። ሲሸነፍ ደግሞ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ነው የሄደው።

ደርግ ላይም ቢሆን ፍርዱ እንደዚያ ቀላል አይደለም። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ድልድዮች ፈንድተው መስመሩ ለወራት ተቆርጧል። በጥር 1977 ደግሞ ያ የአዋሽ አደጋ ደረሰ። ባቡሩ ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ወጥቶ ገደል ገባ፣ ከ400 ሰው በላይ አለቀ። እስከ ዛሬ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች አስከፊው እሱ ነው ይባላል። ይሁንና ባቡሩ ከዚያም በኋላ ሠርቷል፣ ከደርግ ውድቀት በኋላም ከ15 ዓመት በላይ ሠርቷል።

የገደለው ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ያናድዳል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የአገሩ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ባቡር ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ዕድል አግኝቶ አያውቅም፣ ወደቡ ላይ የተከመረው ዕቃ የሱ ነበር። ግን ሃዲዱ አልቋል፣ ሎኮሞቲቮቹ መለዋወጫ የላቸውም፣ ፉርጎ የለም። ዕቃው በከባድ መኪና ተጫነ። መኪናው ደግሞ በባቡሩ መንገድ አይሄድም፤ ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጥፎ በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ነው የሚወጣው፣ ድሬዳዋንም ኤረርንም አፍደምንም ሳያያቸው። ትልቁ ገበያ በመጣበት ሰዓት የድሮዎቹ መንደሮች ከመስመር ውጭ ሆኑ። በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፣ ከዳር ሳይደርስ ቀረ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው እየተንገታገተ ጥቂት ዓመት ቀጥሏል።

የከዚራ ልጅ ያለው እውነት ነው፣ የመዝጊያ ቀን አትፈልግ። ከ2000 ዓ.ም. በፊት ባሉት ዓመታት ቀስ እያለች ነው የሞተችው።


ቀያሹ፦

ሁላችሁም ጣቢያ ስትሉ ቤቱን ነው የምታስቡት። ቤቱ ትንሹ ነገር ነው።

ነጠላ መስመር ነው። ከዚህም ከዚያም የሚመጣ ባቡር በአንድ ሃዲድ ላይ ነው የሚሄደው፣ መተላለፍ የሚችሉት ሃዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ሹም ዋና ሥራ ትኬት መቁረጥ እንዳይመስላችሁ። ስልኩን አንስቶ የሚቀጥለውን ጣቢያ «መስመሩ ነፃ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ነው ካሉት ይለቃል፣ አይደለም ካሉት ያቆማል። ሙሉ ጣቢያ ላይ ያለው ሹም ተኝቶ ስልክ ካላነሳ ባቡሩ አፍደም ላይ ይገተራል፣ ሰውም ወርዶ ሻይ ይጠጣል። አዲስ አበባ ያለ አለቃ በዚያ ሰዓት ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሰው ይኑርም አይኑር፣ ገበያ ይኑርም አይኑር፣ በየተወሰነ ርቀት ጣቢያ መኖሩ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በእንፋሎት ዘመን ሎኮሞቲቭ ከባዱን ፉርጎ ይዞ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በዚያ ሙቀት ውሃ እንደ ጉድ ይጠጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉድጓድ ሊቆፈር የሚችልበት፣ ምንጭ ወይም ወንዝ የሚቀርብበት ቦታ እየፈለጉ ነው የሄዱት። ውሃ ባለበት ደግሞ ሰው ይሰፍራል፣ ከብትም ይመጣል። በ1940ዎቹ ዲዝል ሎኮሞቲቭ ሲገባ ይሄ ምክንያት ጠፋ። ባቡሩ ውሃ አልፈለገም። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ከዚያ በኋላ የቀራቸው የመተላለፊያው ሥራና ገበያው ነው። የመጀመሪያው ሞት ያኔ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ስለ አያትህ ሥራ ልንገርህ፣ እሱን የሚያወራ የለም። የሃዲድ ጥገና ቡድን የራሱ ክልል አለው፣ ከዚህ ኪሎ ሜትር እስከዚያ ኪሎ ሜትር ተብሎ ይሰጠዋል። ጠዋት ሳይሞቅ ይወጣሉ። ረጅም እጀታ ያለው መዶሻና ትልቅ የብሎን መፍቻ ይዘው ሃዲዱን በእግር ይሄዱበታል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ የተሰነጠቀ ካለ ምልክት ያደርጋሉ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ስለዚህ በአንዱ ብረትና በሚቀጥለው መካከል የተወሰነ ክፍተት ይተዋል። ድሮ ባቡር ላይ የምትሰሙት ቷ-ቷ፣ ቷ-ቷ የሚለው ድምፅ ጎማው ያንን ክፍተት ሲዘል ነው። ክፍተቱ ከጠበበ በቀትር ሙቀት ብረቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ይቆለመማል፣ ባቡር ከሃዲድ ይወጣል። አፍደም ላይ ቀትር ምን እንደሚመስል ደግሞ የሚያውቅ ያውቃል። ሃዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎችም ከብረት ነበሩ፣ እንጨት ቢሆን ምስጡ አይምራቸውም ነበር።

ትልቁ ጠላት ግን ሙቀቱ አልነበረም፣ ጎርፍ ነው። ዝናቡ ጨርጨር ላይ ይጥላል፣ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደረቁ አሸዋማ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል። ከሃዲዱ ስር ያለውን ጠጠር ጠራርጎ ይወስደዋል። ከላይ ሲታይ ሃዲዱ አለ፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ሌሊት በፋኖስ ሄዶ ማየት ያለበት የአያትህ ዓይነት ሰው ነው። ሾፌሩ አያየውም። በኋለኞቹ ዓመታት ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የተቀነሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ነው ባቡሩ በየሳምንቱ ከሃዲድ ወጣ የሚባለው ወሬ የበዛው። ሰው ሎኮሞቲቭ አረጀ ይላል። ሎኮሞቲቭ ቢያረጅ ይቆማል እንጂ አይገለበጥም።


የናዝሬት ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። እናቴ ስለ ፋኖሱ ታወራ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አሁን ገና ገባኝ።

ቀያሹ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የፎቶውን ጀርባ በደንብ ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው «ፒ ካ» የሚመስሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎችና በ4 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ። የመጨረሻው አሃዝ አይነበብም። የሠራተኛ ቁጥር ይሆን?


ቀያሹ፦

የሠራተኛ ቁጥር አይደለም፣ ኪሎ ሜትር ነው። ኩባንያው የሥራ ወረቀቱን ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር የሚጽፈው፣ እና መስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ድልድይም ኩርባም ጣቢያም፣ ከጅቡቲ ባለው ርቀት ነው የሚጠራው። ድሬዳዋ 311 ላይ ነው። በ4 የሚጀምር ከሆነ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ቢያንስ 89 ኪሎ ሜትር አልፏል ማለት ነው፣ ለአፍደም አካባቢ ይስማማል። ምናልባትም የቡድናቸው ክልል መነሻ ይሆናል። የድንጋይ ምልክቶቹ መሬት ላይ ካሉ ቦታውን ራስህ ማግኘት ትችላለህ፤ ሃዲዱ ብዙ ቦታ ተነቅሏል እንጂ የተደለደለው መሬት እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይታያል።


የአሰቦት ምዕመን፦

ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ብረትና ስለ ቡና ስታወሩ ስለ ምዕመኑ የሚያነሳ ጠፋ። ለቁልቢ ገብርኤል ታህሣሥ 19 እንሄድ የነበረው በባቡር ነው፣ ድሬዳዋ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ላይ በመኪና። የቻለ ደግሞ ከድሬዳዋ በእግሩ ይወጣል፣ ስለት ያለበትም ድንጋይ ተሸክሞ። ሦስተኛ ማዕረግ ነው የምንሳፈረው፣ የእንጨት ወንበር፣ ወገብ ይቆርጣል። ማን ወገቡን ያስታውሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ መዝሙር ነው። አሰቦት ላይ ወደ ገዳሙ የሚሄዱት ይወርዳሉ፣ እኛ እልል ብለን እንሸኛቸዋለን።

አፍደምን የማስታውሳት በእስላሞቹ ሴቶች ነው። ባቡሩ ሲቆም ውሃ ይዘው ይመጡ ነበር፣ የቁልቢ ሰሞን ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይቀበሉም። «ለመንገደኛ ነው» ይላሉ። አንዷ ለልጄ የግመል ወተት ሰጥታው አልጠጣም ብሎ አሳፍሮኛል።

የ1977ቱን አደጋ ባታነሱት ይሻል ነበር። ያን ሰሞን ናዝሬት ላይ ድንኳን ያልተጣለበት ሰፈር አልነበረም።


ነገሩ አጭር ነው፦

እሺ ጣልያን አልሠራውም። ግን አዲሱ ባቡርስ? እሱም በዚያው በኩል አይደል የሚያልፈው? ታዲያ መንደሮቹ ለምን አልተነሱም?


ሃዲድ ቆጣሪ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲሱ በመስከረም 2009 ተመረቀ፣ በታህሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ስለሆነ ከድሮው ሃዲድ ጋር አይገጥምም፣ የድሮዎቹን ጣቢያዎችም አይጠቀምም። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ነው የተሠሩት። ዋና ሥራው የወደብ ዕቃ ነው፣ ኮንቴይነር ጭኖ ከጅቡቲ እስከ ሞጆና እንዶዴ። ተሳፋሪ የሚያቆመውም በጣት በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ነው። ኮንቴይነር እንቁላል አይገዛም፣ ከሰልም አይጭንም። ለአገር ጥቅም ነው፣ አልክድም፣ ወደቡን ለማቃለል ሌላ መፍትሔ አልነበረም። ለመንደሩ ግን የሚያልፍ ነገር ነው።


የከዚራ ልጅ፦

እሱማ ከብት ገጭቶ ካልሆነ አይቆምም ትላለህ!

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ የአያትህን ነገር ለማጣራት ሁለት ቦታ እነግርሃለሁ። አንደኛ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂድ። የድሮ ፎቶ ክምችት አላቸው፣ የባቡር ብለህ ጠይቅ። ሁለተኛና ዋናው ድሬ ና። የድሮው ጣቢያ ጊቢ አለ፣ ጋራዡም አለ፣ ሎኮሞቲቮቹና ሊቶሪናው እዚያው ቆመዋል፣ ፈቃድ ጠይቀህ ማየት ትችላለህ። ግን ከማሽኑ ይልቅ ሰዎቹ ናቸው የሚጠቅሙህ። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር አባቶች አሉ፣ እርስ በርስ ዛሬም ፈረንሳይኛ ሲያወሩ ትሰማቸዋለህ፣ አንዱን አግኝተህ «አፍደም የሠራ አለ?» በል፣ እሱ ለሌላው ይጠራልሃል። የአያትህን የጡረታ ደብተር ካገኘህ ይዘህ ና፣ ስም ብቻውን አይበቃም፣ ተመሳሳይ ስም ሞልቷል። አንቱ እያልክ ጠይቅ፣ ድሬ ናት ብለህ አትዘናጋ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች የድሮ ሰው ናቸው።

አፍደም ድረስ መሄድ ካሰብክ መንገዱንና ፀጥታውን ከሚኤሶ ወይም ከድሬ ሾፌሮች አጣርተህ ነው፣ ብቻህን እንዳትሞክረው።

ደግሞ ሽማግሌዎቹን ጠዋት አግኛቸው። ከምሳ በኋላ ከመጣህ ሁሉም ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሃዲድም ባቡርም ብትል የሚሰማህ የለም።